ጀርባዬ ጠማማ ነው፤ ሯጭም ነኝ

ጀርባዬ መጣመሙን መጀመሪያ ያየው ሐኪም አይደለም። ልብስ ሰፊ ነው።

2003 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነበር። 13 ዓመቴ ነው። እማዬ ቀሚስ ልታሰፋልኝ ድሬዳዋ መጋላ ያለው ሰፊያችን ጋ ወሰደችኝ። ለካኝና ሄድን። በሳምንቱ ተመልሰን ስለብሰው የቀሚሱ ጫፍ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው በራሱ ተናደደ። ፈትቶ እዚያው እየጠበቅነው እንደገና ሰፋው። ለበስኩት፤ ያው ነው። ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከኋላዬ ቆመና ሁለት እጆቹን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ቀኝ እጁ ከግራው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ዝም ብሎ ቆየ። "አንቺ፣ ጨርቁ አይደለም እኮ" አላት እማዬን። "ልጅቷ ናት ያዘነበለችው።"

ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ነው የምንለው። ንቀት አልነበረበትም፤ አዝኖልን ነው። እማዬ ግን ደነገጠች። ሂሳቡን ከፍላ እጄን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቀጥ ብለሽ ሂጂ!"

ይቺን ቃል ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማኋት። ምግብ ላይ፣ ጥናት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ። እኔም አምኜ ነበር። ቀጥ ብዬ ባለመቆሜ ያመጣሁት ጥፋት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ 27 ዓመቴ ነው። የ800 እና የ1,500 ሜትር ሯጭ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ታዳጊዎችን አሠራለሁ። ልምምድ ሲያልቅ ስንቷ እናት ጥግ ወስዳኝ በሹክሹክታ "የልጄን ጀርባ እስኪ እይልኝ" ብላኛለች። የሚያሳዝነኝ በሹክሹክታ መሆኑ ነው። የእኔም ነገር የተበላሸው በሹክሹክታ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ ጮክ ብዬ ልናገረው።

ስኮሊዮሲስ የሚባለው አከርካሪ ወደ ጎን ሲታጠፍ ነው። መታጠፍ ብቻም አይደለም፤ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ የጎድን አጥንቶችን ይዞ ይዞራል። ልጁ ሲያጎነብስ አንዱ የጀርባው ጎን ጉብ የሚለው ለዚህ ነው። መጠኑ ራጅ ላይ በዲግሪ ይለካል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ስኮሊዮሲስ አይባልም። ከ100 ታዳጊዎች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ ይገኛል፤ አብዛኛው ቀላል ነው። በታዳጊነት የሚወጣው አብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ይደጋገማል። ከከባድ ቦርሳ አይመጣም። ጎብጦ ከመቀመጥም አይመጣም። ሩጫም አያመጣውም። ሴት ልጆች ላይ የመባስ ዕድሉ ከወንዶች በብዙ ይበልጣል። ይህን ሁሉ 13 ዓመቴ ላይ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ለቅሶ በቀረልኝ።

የመጀመሪያው ስህተታችን ወጌሻ ነው። በስፖርቱ ወጌሻ ስንል የቡድኑን ባለሙያ ነው፤ እሱን አይደለም የምላችሁ። ያየኝ የሰፈር አሺ ነው። ጀርባዬን በዘይት ዳበሰና "ወልቋል፣ እመልሰዋለሁ" አለ። በደረቴ አስተኝቶ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ጫነ። 5 ጊዜ ተመላለስን። ከመጨረሻው ቀን በኋላ ለ3 ሳምንት ሳል ሲመጣብኝ ጎኔን ይዤ ነበር የምስለው። ኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን አጥንቴ አልወለቀም፤ አድጎ ነው የዞረው። የሚመለስ ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ። እሱም ጀርባን ያጎብጣል፤ አጥንቱን ስለሚበላው ደግሞ እንዲህ ሲጫኑት ልጁ ሽባ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ ምን እንደሆነ በራጅ ሳይታወቅ የልጅ ጀርባ አታሳሹ።

ሁለተኛው ስህተት ከፍቅር የመጣ ነው። አክስቴ ሰማች። ቡና እየተፈላ ወደ እማዬ ጠጋ ብላ "ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ፤ ነገ ማን ያገባታል?" አለቻት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈርታልኝ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬ የቤተሰብ ምስጢር ሆነ። በቋንቋችንም "ጠማማ" ስንል ክፉ ሰው ማለታችን ነው። አንዲት ልጅ ስለራሷ ይህን ቃል ስታስብ ምን እንደሚሰማት ገምቱ። ሰፊ ልብስ መልበስ ጀመርኩ። ፀጉሬን በቀኝ ትከሻዬ ማውረድ ለመድኩ። ፎቶ ሲነሳ ጥግ እቆማለሁ።

የሚገርመው ሩጫ የጀመርኩትም በዚያው ዓመት ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ለትምህርት ቤቶች ውድድር መረጠኝ። ድሬ ላይ ሩጫ ማለት በሌሊት መነሳት ማለት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እንወጣለን፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብን፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም። በጨለማ ስሮጥ ጀርባዬን የሚያይ የለም። ሩጫን መጀመሪያ የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል።

በዚያው ክረምት ራጅ ተነሳሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ተኝቼ ነው የተነሳሁት። 24 ዲግሪ ነው ተባለ። በ4 ወር ተመለሱ ተባልን። እኛ የተመለስነው በ13 ወራችን ነው። ለምን ብትሉ አያመኝም ነበር። እሮጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁ። ያልታመመች ልጅ ሐኪም ቤት ምን ትሠራለች? ይህ የሁሉም ቤተሰብ ስህተት ነው። የታዳጊዎች ስኮሊዮሲስ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ነው የሚብሰው። የሚብሰውም ልጁ ሽቅብ በሚመዘዝበት ወቅት ነው። እኔ በዚያ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር አደግኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "ምን የመሰለች ወጣት ሆነች" ይላል። እኔ በረዘምኩ ቁጥር ኩርባውም አብሮ ይሄድ ነበር።

2004 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ አንድ የአጥንት ሐኪም ጋ ሄድን። ይሄኛው የተለየ ነበር። ጫማ አስወልቆ አጎነበሰኝ። የሁለት እግሬን ርዝመት ለካ፤ የእግር መበላለጥም ወገብን ሊያዘነብል ይችላልና። ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ሌሊት ያምምሻል ወይ፣ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ይቸግርሻል ወይ አለኝ። ቲቢ እንዳይሆን ደም አስመረመረኝ። የወር አበባ መቼ እንደጀመረኝም ጠየቀ። እማዬ አፈረች። ግን ዋና ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ዕድገት እንደቀረ የሚታወቅበት አንዱ መንገድ ነው። ራጁን ደግሞ ቆሜ፣ ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ በአንድ ላይ አስነሳኝ። ሲተኙ ኩርባው ስለሚላላ ቁጥሩ ያንሳል። ስትሄዱ "ቆሞ ነው የሚነሳው?" ብላችሁ ጠይቁ። የድሮውንም ራጅ ሁልጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። በልኬት ብቻ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ስለሚችል አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

34 ዲግሪ ሆነ። ሐኪሙ አስረዳን። ልጁ ገና እያደገ ከሆነና ኩርባው ከ25 እስከ 45 ባለው ውስጥ ከሆነ ብሬስ ይታዘዛል፤ ገላ ላይ የሚታሰር ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ ነው። ብሬስ የተጣመመውን አያቃናም፤ እንዳይብስ ነው የሚይዘው። ከ45 ወይም ከ50 በላይ ሲሆን ስለ ቀዶ ጥገና ይወራል።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። "መሮጥ ላቁም?"

"አቁሚ ያለሽ ማነው?" አለኝ። ከዚያ ዩሴን ቦልትም ስኮሊዮሲስ እንዳለበት ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሲገባ ሰፈር ውስጥ ተሰብስበን በቴሌቪዥን አይተነዋል። ጮኸን ነበር። የዚያ ሰውዬ ጀርባ እንደኔው ነው! ቦልት ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ጀርባውንና የሆዱን ጡንቻ ማጠንከር ለሩጫ ሕይወቱ ወሳኝ ነበር። ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ማንም ሳያዘኝ።

ብሬሱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ሳያውቁት ሲገቡበት ያስፈራል። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ብረት ይዤ ቆምኩ። ስስ ካናቴራ ለብሻለሁ። ባለሙያው ውኃ ውስጥ የነከረውን የጀሶ ፋሻ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ጠመጠመብኝ። ሲጠመጥሙት ይቀዘቅዛል፤ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ እየሞቀ ይመጣል። ያ ሙቀት አስደነገጠኝ፤ "ጤና ነው፣ ጀሶ እንዲህ ነው" አለኝ። ከደረቀ በኋላ ከፊት ቀዶ አወጣው። ባዶ የሆነ የራሴን ገላ ቅርጽ ፊት ለፊቴ አስቀመጠው። ጠማማነቴን ከውጭ ሆኜ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያ ቅርጽ ላይ የተሠራውን ፕላስቲክ አለበሰኝ። በቀኝ የጎድን አጥንቴንና በግራ ወገቤን የሚገፋ ስፖንጅ ነገር ውስጡ አለው። ከሚገፋው በተቃራኒ ክፍት ቦታ አለ፤ ገላ ወደዚያ እንዲሄድ። በ3 ማሰሪያ ይጠበቃል።

"በቀን 18 ሰዓት" ተባልኩ።

አዲስ አበባ ላይ ብርድ ስለነበር እንደ ሹራብ ነበር የተሰማኝ። ድሬ ስንገባ ሌሊት ነው። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ያን ሌሊት እንደ ሰፈሩ ሰው ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን ተኛን። ፕላስቲኩ ውስጥ ላቡ ይወርዳል። መዞር አልችልም። እማዬ ካርቶን ቀዳ እስኪነጋ ስታራግብልኝ አደረች። አንድም ቃል አልተናገረችም። "ቀጥ ብለሽ" ያለችኝን ሁሉ ያኔ ነው ይቅር ያልኳት።

በሙቀት አገር ብሬስ ለምትለብሱ ልጆች የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከ24 ሰዓት 18 ሲቀነስ 6 ይቀራል። እነዚያን 6 ሰዓታት በዕቅድ ያዟቸው። እኔ ኋላ ላይ እንዲህ አደረግኳቸው፤ 2ቱን ለልምምድ፣ 3ቱን ከቀኑ 6 እስከ 9 ከተማው ሁሉ ጋደም ለሚልበት ሰዓት፣ 1ዱን ለገላ መታጠቢያ። ሌሊቱን ሙሉ ግን ታስሮ ይታደራል። ልምምድ ላይ ማውለቁን ሐኪሙ ራሱ ነው የፈቀደው። ከሥር ጥጥ ካናቴራ ብቻ ልበሱ፤ ስፌቱ እንዳይቆርጣችሁ ገልብጣችሁ። በቀን 3 ቀይሩ። ቫዝሊንና ቅባት አትቀቡ፤ ቆዳውን ስለሚያለሰልሰው ቶሎ ይላጣል። ሲያወልቁት ቆዳው መቅላቱ ያለ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካልጠፋ ወይም ከቆሰለ ግን ብሬሱ መስተካከል አለበት። ቤት ውስጥ ድሪያ፣ ያን ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ ልበሱ። ነፋስ ያስገባል፣ ብሬሱንም ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ግን ከዋሸሁ በኋላ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ስህተት የራሴ ነው።

ጠዋት ታስሬ ከቤት እወጣለሁ። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አወልቀዋለሁ። ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ማታ ሰፈር ስደርስ መልሼ አስራለሁ። ሌሊትም እማዬ ስትተኛ እፈታዋለሁ። ለሁሉም "18 ሰዓት" እላለሁ። እውነቱ 8 ወይም 9 ነበር። ለውድድር ሌላ ከተማ ስንሄድ ደግሞ ጭራሽ ቤት ጥዬው ሄድኩ። 10 ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው፤ እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም። 11 ቀን ያለ ብሬስ አደርኩ።

ብሬሱን ከተቀበልኩ ከ7 ወር በኋላ ለክትትል ሄድኩ። 39 ዲግሪ። ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ ብሬሱን አምጪ አለኝ። በእጁ አገላበጠው። የማሰሪያዎቹ ጫፍ አልተበላም። የውስጡ ስፖንጅ አልተጫነም። "አዲስ ነው የሚመስለው" አለ ቀስ ብሎ። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀዶ ጥገና የተሠራላት የሌላ ልጅ ራጅ አሳየኝ። ሁለት ብረት ከላይ እስከ ታች፣ ብዙ ብሎን። "ይሄም ጥሩ ሕክምና ነው። ግን አንቺ ገና ሳይደርስብሽ ማምለጥ ትችያለሽ" አለኝ።

ኋላ ላይ ስለ ብሬስ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካና በካናዳ ታዳጊዎች ላይ ተሠርቶ የወጣ ጥናት አገኘሁ። ብሬስ ከታዘዘላቸው ከ100ው 72ቱ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል። በክትትል ብቻ ከቆዩት 48ቱ። ብሬሱ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ሰዓቱን ይቆጥር ነበር፤ በቀን ከ13 ሰዓት ገደማ በላይ ያሰሩት ከ100ው 90 ያህሉ አምልጠዋል። እኔ 8 ሰዓት አስሬ 18 ስል ማንን እንደማታልል ያኔ ገባኝ።

ከዚያ የቀረው አሰልጣኜ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ አብሬው ሠርቼ ምንም አልነገርኩትም። 800 ሜትር ላይ የመጨረሻው 200 ሲቀር ቀኝ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፤ ከብራኳዬ ሥር ጡንቻው ይጨመደዳል፤ እቀራለሁ። እሱ ስንፍና ይመስለዋል። "ልብ የለሽም!" ይለኛል በልጆች ፊት። እኔ ዝም።

አንድ ጠዋት ልምምድ ሳይጀመር ራጁን ይዤ ስታዲየም ሄድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጧል። "ኮች፣ እስኪ ይሄን እይልኝ" አልኩት። ከፖስታው አወጣው። ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ራጁን ወደ እሷ አነሳውና አየው። ኩርባዋ በፀሐይዋ ላይ ጥርት ብላ ወጣች። ለረጅም ጊዜ እጁን አላወረደም። "አቦ፣ ይሄን ሁሉ ይዘሽ ነው እንዴ ስትሮጪ የከረምሽው?" አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነው ያስለቀሰኝ። "ስህተት ሳሠራሽ ነበር ማለት ነው።"

የእውነትም ስህተት ነበር፤ ሳያውቅ። ትከሻዬን "ለማስተካከል" በቀኝ በኩል ብቻ ክብደት ያሠራኝ ነበር። ሁልጊዜ የምንሮጠው ደግሞ መሙን በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ግራ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀላል ልምምዶችን አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ እየዞርን መሮጥ ጀመርን። ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስንሠራ የአስፋልቱ ዳር ተዳፋት ስለሆነ ዳሌዬን ያመኝ ነበር፤ ወደ ኮረኮንች መንገድ ቀየረልኝ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ ለሌሎቹ ጥሩ ነው፣ እኔን ግን እግሬ በሰመጠ ቁጥር ወገቤ ስለሚዛነፍ ተውኩት። ከድሬ ወደ ሐረማያ ወጥተን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስንሠራ መተንፈስ ይከብደኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው በእኔ መጠን ያለ ኩርባ ሳንባን ብዙም አይጎዳም፤ በጣም ሲገፋ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥረው። ከሌሎቹ እኩል ነው የለመድኩት።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ፊዚዮቴራፒ ነው። ለ2 ሳምንት ተምሬ የቀረውን ቤት ቀጠልኩ። የእኔ ኩርባ ወደ ቀኝ ስለሆነ በግራ በኩል ጎኔ የተጨፈለቀ ነው። ወደዚያ ጎን መተንፈስ አስተማሩኝ። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ግን በፍጹም አልመጣልኝም። አንድ ቀን የእማዬን ነጠላ ጎኔ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና አየር ስስብ በግራ በኩል ነጠላውን ለመግፋት ሞከርኩ። ገፋ! ከዚያ ወዲህ በነጠላ ነው የምሠራው። በሳምንት 4 ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ። ጀርባ፣ ሆድ፣ ዳሌ። ሯጭ እግሩን ያሠራል፣ መሃሉን ይረሳል። ለእኛ መሃሉ ነው እግር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእኔን እንቅስቃሴ እንዳለ አትገልብጡ፤ ቲክቶክ ላይ ያያችሁትንም። የእናንተ ኩርባ ወደ ግራ ከሆነ ወይም ሁለት ከሆነ ለእኔ የሚረዳኝ እናንተን ሊጎዳ ይችላል። ራጃችሁን ያየ ባለሙያ ይምረጥላችሁ።

ስለ ሕመምም ልበል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ከቀኝ ብራኳዬ ሥር የሚሰማኝ ድካም አለ፤ በማግስቱ ይለቀኛል። ያን አውቀዋለሁ፣ አልፈራውም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ትኩሳትና ክሳት ካለ ግን ልምምዱም ውድድሩም ይቅር። ያኔውኑ ሐኪም።

17 ዓመት ተኩል ሲሆነኝ ዕድገቴ አበቃ ተባልኩና ብሬሱን ፈታሁ። 37 ዲግሪ። ባለፈው ዓመት ስለካ 38፤ እንዳለ ነው ማለት ነው። 2009 ዓ.ም. ላይ 800 ሜትሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በታች ገባሁ። ትከሻዬ አሁንም ወደ ላይ ይወጣል፤ ፎቶው ላይ ደረቴ ላይ ያለው ቁጥር ዘሟል። ያን ፎቶ እማዬ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ሁሉም እንደኔ አያመልጥም። አዲስ አበባ ለክትትል ስመላለስ ኮሪደር ላይ የተዋወቅኳት ልጅ ኩርባዋ በጣም የገፋ ነበር፤ ቀዶ ጥገና ተሠራላት። ዛሬ ሥራዋን ትሠራለች። የገፋ የአከርካሪ ችግር ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ አቅም የለንም ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ዶክተር ሪክ ሆድስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን ሲያዩና ብዙዎችን ጋና ልከው ሲያሳክሙ ኖረዋል። ሌላው ቢቀር የልጃችሁን ደረጃ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ለአክስቴም መልስ አለኝ። አግብቻለሁ። ለባለቤቴ ገና በሁለተኛው ቀጠሯችን ነው የነገርኩት፤ መደበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ለሠርጌ ቀሚስ እዚያው መጋላ ያለው ሰፊያችን ጋ ሄድኩ። አርጅቷል። ሜትሩን አንስቶ ለካኝ። ምንም አላለም። ቀሚሱን ስቀበለው ጫፉ ቀጥ ብሎ መሬት ነክቷል። ገልብጬ ሳየው በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ጨምሮበታል። መውለድንም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ስኮሊዮሲስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ። ብቻ ማደንዘዣ በጀርባ የሚሰጥ ከሆነ ጀርባችሁ እንደተጣመመ ለባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ራጁንም አሳዩ።

አሁን ታዳጊዎቼን በየ6 ወሩ አያቸዋለሁ። ቤታችሁም የሚሠራ ነገር ነው። ልጁ ጫማውን ያውልቅ፤ ጀርባው ይታይ። እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አጣምሮ ወደ ፊት ያጎንብስ። ከኋላው ዝቅ ብላችሁ ጀርባውን እንደ ሜዳ እዩት። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቀና ሲል ደግሞ ትከሻዎቹን፣ ብራኳዎቹንና በወገቡና በእጁ መካከል ያለውን ክፍተት አስተያዩ። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለውን ዕድሜ አትለፉት። ሴቶቹን ሴት ትያቸው፤ እናት ወይም እህት አጠገብ ትቁም።

ባለፈው ወር አንዲት 12 ዓመቷ የሆነች ልጅ ስታጎነብስ ቀኝ ጎኗ በጥቂቱ ከፍ ብሎ አየሁት። እናቷን ጠራኋት። ቆማ ራጅ ተነሳች፤ 14 ዲግሪ። በ6 ወር ተመለሱ ተብለዋል። እናትየው "አያማትም እኮ" አለችኝ። ቀጠሮውን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ሳምንት ሲቀረው እደውልላቸዋለሁ።